ሸክላ የማያውቁ እጆች

የዘርትሁን ወንድም ጉበት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሥራ አቆመ። ሐኪሞቹ ከጉበቱ ጥቂት የተረፈ ክፍል እንዳለና ገና በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና እንዳለ ነግረዋት፣ ከእሷ አጥንት መቅኔ ወስደው ለእሱ ለመስጠት ፈቃዷን ጠየቋት። እሷም ዕድሜያቸውን ሙሉ በጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ወዳገለገሉት ጎረቤቷ ወደ ጋሽ ይመኑ ሄደች።

«መቅኔ የአጥንት ነው። የጉበትን ሥራ ከየት ያውቀዋል? በባዶ ተስፋ እያባበሉኝ ይሆን እንዴ?» አለቻቸው።

ጋሽ ይመኑም እንዲህ አሏት፦

አንድ ሰው ነበረ፤ ሸክላ የሚያሠራ። የቆላው ሕዝብ ሁሉ ውሃ የሚያጠራቅመው በእሱ እንስራ ነበር። አንድ ቀን ሠሪዎቹ የሚሠሩበት፣ ማገዶም የተከመረበት ዳስ ተቃጠለና ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ሞቱ። የተረፉትም ቆስለው፣ በጭስ ታፍነው ወደቁ። በጋው ገብቷል፤ እንስራ ካልተሠራ ሕዝቡ በውሃ ጥም ማለቁ ነው።

ሰውየው ወደ ደጋ ልኮ ደቦ ጠራ። ገበሬዎች እየሮጡ መጡለት። እሱ ግን ድንጋጤ ማሰቢያ አሳጥቶታልና ለእያንዳንዳቸው ጭቃ አድሎ «ሥሩ!» አላቸው። ምን ያድርጉ፣ ሠሩ። እጃቸው ቀልጠፍ ያለ አንድ ሁለቱ ደህና እንስራ አወጡ፤ የቀረው ሁሉ እሳት ሲነካው ተሰነጠቀ። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ይህን ጊዜ አንድ አዛውንት ገበሬ ጭቃውን አስቀመጠና «ጌታዬ፣ እኛ ሸክላ አናውቅም። የምናውቀውን እንሥራ፣ ተወን» አለው። ጓደኞቹንም አስነሣ፤ ገና የሚጨሰውን ፍም አፈር አልብሰው አጠፉ፤ የተረፉትን ትንፋሽ ያሳጣቸው ጭሱ ነበርና። ለቆሰሉት ጥላ ሠሩ፣ ቁስላቸውን አጠቡ፣ አጥሚት አፍልተው አጠጧቸው። በአምስተኛው ቀን አንዲት ሴት ከተኛችበት ቀና ብላ «እስቲ ያንን ጭቃ አቀብሉኝ» አለች። በማግስቱ ሦስት ሆኑ። በጋው ሳይጋመስ እንስራ ወደ ገበያ ወጣ፤ ገበሬዎቹም ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

አየሽ ልጄ፣ የወንድምሽ ጉበት ያ የተቃጠለው ዳስ ነው። ገበሬዎቹ ደግሞ በመቅኔሽ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ናቸው። ከእነሱም ጥቂቱ ጉበት ይሆን ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ዋና ሥራቸው ግን የውስጡን ቃጠሎ ማብረድና የተረፈውን ማበርታት ይመስላል። አንቺም እንደዚያ ሰውዬ ጭቃ አሸክመሽ ሸክላ ሥሩ አትበያቸው። ይድናል ብዬ አልምልልሽም፤ ሐኪሞቹም አልማሉልሽም። ግን ከጉበቱ የተረፈ አለ ብለውሽ የለም? እንግዲያ ቀና ብሎ ጭቃ አቀብሉኝ የሚል አለ ማለት ነው። እሱ እስኪነሣ የሚያስታምመው ይፈልጋል። በይ ተነሺ፣ ሂጂና ፈርሚ።