የውሰት ቁጥር

«አንድ የእድር ዳኛ ነበረ፤ ቁጡ፣ ግን አድልዎ የማያውቅ ሰው።»

መምህር ይርዳው ይህን ያሉት ለሥምረት ነው። ሥምረት የዳቦ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ናት። የአንዲት ሠራተኛ የአንገት ወርቅ ጠፍቶ ከከረመ በኋላ ከአንድ ጋጋሪ ሎከር ውስጥ ተገኘ። ልታባርረው ቆርጣ፣ «ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ልፈልግ፣ መምህር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ደግሞ ቀጥታ መልስ መስጠት አይወዱም።

«ይህ ዳኛ» አሉ፣ «የሚሳሳላት ሴት ልጅ ነበረችው። ሠርጓ ሲቃረብ አንድ ስሙን የደበቀ ሰው ኢንተርኔት ላይ የማይሆን ነገር ጻፈባት። የሙሽራው ወገኖች ያንን አንብበው ‹ይቅርብን› ብለው ላኩ። ልጅቱ በር ዘግታ ተኛች። አባት ምን ያድርግ? ደሙ ፈላ።

ጽሑፉ የወጣበትን ገጽ ባለቤት ለምኖ፣ ጽሑፉ የተላከበትን የኢንተርኔት አድራሻ ተቀበለ። አድራሻ ይባል እንጂ ሰፈር የለው፣ መንገድ የለው፤ በነጥብ በነጥብ የተለያየ ቁጥር ነው። ዳኛው በቃሉ ያዘው፤ ለእድርተኛውም አስጠናው። ከዚያ ወዲያ በሄደበት ቤት ሁሉ ዋይፋይ እየለመነ የቤቱን ቁጥር ስልኩ ላይ ያያል። ከርሞ ከርሞ አንድ ቀን የጎረቤቱን የልብስ ሰፊውን እናት ታማ ሊጠይቃት ገባ። ቁጥሩ እዚያ ተገኘ። ‹አገኘሁህ› አለ በሆዱ፤ የቀረበለትን ሳይቀምስ ወጣ።

እሁድ ከሰዓት እድርተኛው ዳኛው ቤት ተሰበሰበ። የቀረበው ጉዳይ አንድ ነው፤ ልብስ ሰፊው ከእድሩ ይሰረዝ። እናቱ እህል መቅመስ ካቆመች ሰንብታለች፤ ዛሬ ነገ የምትባል ነበረች። እሱ ከተሰረዘ ድንኳን የሚተክልለት፣ አስከሬን የሚሸከምለት ጎረቤት አይኖረውም። ሰውየው ይህን እያሰበ ተነስቶ ቆመ።

‹እኔ አልጻፍኩም፣ ጋሼ› አለ። ‹ክሱን እንደሰማሁ የኢንተርኔቱ ድርጅት ጋ ደውዬ ጠይቄያለሁ። ቁጥሩ የእኔ አይደለም። ብዙ ቁጥር አንድ ላይ ይይዙና ለየቤቱ ያውሱታል፤ እኛ የእድሩን ወንበር ለለቀስተኛ ቤት እንደምናውሰው ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ዋይፋዩ ሲነቀል ይወስዱታል፤ ሲመለስ ደግሞ ያልተያዘውን ይሰጡናል። ያ ነገር በተጻፈ ዕለት ቁጥሩ ማን ቤት እንደነበረ በምን አውቃለሁ?›

ዳኛው ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። ‹አድራሻም ይዋሳል እንዴ? የቤቴ ቁጥር ከበሬ ላይ ተነስቶ ጎረቤት ሲለጠፍ አይቼ አላውቅም› አለው። ሰዉም አብሮ ሳቀ። አየሽ፣ ያሳታቸው ቃሉ ነው። አድራሻ ሲባል የሚታያቸው ቀበሌ በር ላይ የመታው ቆርቆሮ ነበር።

‹እጅ አውጡ› ሊል አፉን ሲከፍት መብራት ጠፋ። የሰፈሩ ሁሉ ነው የጠፋው። ሰው ያጉረመርማል፤ ልብስ ሰፊው ጥግ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ይነክሳል። መብራቱ ሲመለስ አንድ ሽማግሌ፣ ‹እስቲ የራስህን ቤት ቁጥር እየው። ካልተለወጠ የሰውየው ውሸት ይለይለታል› አሉ። ዳኛው ይህን ወደደው፤ የቤቱን ቁጥር ጠዋት አይቶት ነበር፣ ሌላ ቁጥር ነበርና። ዋይፋዩ እስኪነሳ ጠብቆ ስልኩን ከፈተ።

ያ ቁጥር ነው። በቃሉ የያዘው፣ ሴት ልጁን አልጋ ላይ የጣላት ቁጥር፣ ከገዛ ቤቱ ገብቶ ቁጭ ብሏል።

መጀመሪያ ዓይኑን ተጠራጠረ። ቀጥሎ ስልኩን ወደ ደረቱ አስጠጋው። ከእሱ በቀር ያየ የለም። ‹ያው ነው፣ አልተለወጠም› ቢል ማን ይመረምረዋል? ሰዉ እጁን ያወጣል፣ የልጁም እንባ ይታበሳል። ቂም ክፉ ነው፣ ሥምረት። እውነቱን እያየም ልቡ ‹በለው› ይለው ነበር። ግን ይህ ቁጥር ሰው የሚያስፈርድ ከሆነ ልጁን ያዋረዳት ማን ሊሆን ነው? እሱ? ሚስቱ? ወይስ ጓዳ የተኛችው ልጅ ራሷ? ልብስ ሰፊው ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

‹ተለውጧል› አለ በመጨረሻ። ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ ቁጥሩን አነበበው። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ‹ይኸው፣ ዛሬ እኔ ቤት ገብቷል። በዚህ የሚሰረዝ ሰው ካለ ከእኔ ጀምሩ› ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። እጁን ያወጣ አልተገኘም።

የልብስ ሰፊው እናት በዚያው ሳምንት አረፈች። ድንኳኑ ሲተከል ካስማውን የመታው ዳኛው ራሱ ነው። የልጁን ስም ያጠፋውን ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘውም፤ ይህ አሁንም ያንገበግበዋል። ቢሆንም በዚያ ሰው ፋንታ ሌላ ሰው አልቀጣም።»

መምህር ይርዳው ወደ ሥምረት ዞሩ።

«አንቺም ያ ዳኛ ነሽ። ወርቁ የተገኘበትን ሎከር ይዘሽ መጣሽብኝ። እናንተ ዘንድ ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር ሎከር ከሰው ወደ ሰው እንደሚዞር ያጫወትሽኝ ራስሽ ነሽ። ዛሬ የማን እንደሆነ ነገርሽኝ፤ ደግ። ወርቁ የጠፋው ግን ለፋሲካ ነው። ያን ጊዜ ቁልፉ በማን እጅ ነበር?»

«አልጠየቅኩም» አለች ሥምረት።

«እንግዲያው የምታውቂው ሎከሩን ነው» አሉ መምህር። «የምታባርሪው ግን ሰውየውን ነው።»