የኦሃጅን ሰይፍ ማን ሠራው?

ቀረብ በሉማ፤ ነገሩ የሆነው ሱዳን ውስጥ፣ ከሰላ ከተማ ነው።

ሰዕዲያ የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ ኦኑር አርጅተው ዓይናቸው ፈዟል። ከሟች አባታቸው ከኦሃጅ የወረሱትን ሰይፍ ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ «ልጄ፣ ይህን ማን እንደሠራው ሳላውቅ ልሙት?» አሏት። ነገሩ እሷንም እንቅልፍ ነሳት። ሰይፉን ታቅፋ ገበያ ወረደች።

ሰይፍ ሠሪው አድሮብ አገላብጦ አየው። «የሠሪው ምልክት ከእጀታው ቆዳ ሥር ነው። ሳላየው ስም አልጠራም» አላት።

ወደ ቆዳ ሰፊው ሄደች። «አጎቴ፣ እጀታውን ይግለጡልኝ፤ ምልክት ሳይታይ ስም አይጠራም።»

«መልሼ የማለብሰው አዲስ ቆዳ ሳይኖረኝ? አልገልጥም!»

ወደ ቆዳ ፋቂው ሄደች። «አጎቴ፣ ቆዳ ይስጡኝ፤ ያለ ቆዳ እጀታ አይገለጥም፤ ምልክት ሳይታይ ስም አይጠራም።»

«ያለኝ ጥሬ ነው። የግራር ፍሬ ካላገኘ አይለፋም።»

ወደ ግመል ጠባቂው ሄደች። «ወንድሜ፣ የግራር ፍሬ አምጣልኝ፤ ያለ ፍሬ ቆዳ አይለፋም፤ ያለ ቆዳ እጀታ አይገለጥም፤ ምልክት ሳይታይ ስም አይጠራም።»

«የጉድጓዱ ገመድ ተበጥሶ ግመሎቼ ተጠምተዋል። ሳይጠጡ ንቅንቅ አይሉም!»

ገመድ ወደምትሠራው አሮጊት፣ ወደ ዘሃራ ሮጠች። «አክስቴ፣ ገመድ ይስጡኝ! ያለ ገመድ ውሃ አይቀዳም፤ ያለ ውሃ ግመል አይሄድም፤ ያለ ግመል ፍሬ አይመጣም፤ ያለ ፍሬ ቆዳ አይለፋም፤ ያለ ቆዳ እጀታ አይገለጥም፤ ምልክት ሳይታይ ስም አይጠራም!»

አሮጊቷ ከት ብላ ሳቀች። «ያቀፍሽውን ሰይፍ ማን እንደሠራው ማወቅ እኔንም አማረኝ! ግን ገመድ ብቻዬን አይከርልኝም። በይ፣ ጫፉን ያዥልኝ።»

ሰዕዲያ ያዘች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ያዘች። ገመዱ ከረረ፣ ውሃው ተቀዳ፣ ግመሎቹ ጠጥተው ሄዱ፣ ፍሬው መጣ፣ ሰነባብቶም ቆዳው ለፋ፣ እጀታው ተገለጠ፣ አድሮብም ጎንበስ ብሎ አየ።

አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረገ።

«ምን አየህ?»

«በአያቴ ምድጃ ብረት ይቀጠቅጥ የነበረ ሰው ምልክት ነው። ግመል ገዝቶ ከሄደ ወዲያ የብረትን ነገር አንስቶ አያውቅም ይላሉ። ስሙ ኦሃጅ ነው።»

«የኔ አያት?»

«ያንቺው።»

ቤት ገብታ ለአባቷ ነገረች። ሽማግሌው በጣታቸው ዳሰው ዳሰው ምልክቱን አገኙት።

«ለካ!» አሉ። «ልጅ ሆኜ አባቴ ፊቴን ሲዳብሰኝ መዳፉ ይቧጭረኝ ነበር። ስጠይቀው፣ ያሻከረው የግመል ልጓም ነው ይለኝ ነበር።»