አራት ጣት የጎደለው አውሮፕላን

አንድ ሰው ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ በሰሌዳ ፊት ቆሞ በእርሳስና በማስመሪያ የሚሠራ፣ ቃሉ የተቆጠበ፣ እጁ የታመነ ነዳፊ። አገሩ ጃፓን ነው፤ ዘመኑም ታላቁ ጦርነት ወደ ፍጻሜው ያዘነበለበት፣ ከተሞች ከሰማይ በሚወርድ እሳት የሚነዱበት ዘመን ነበረ።

በሚሠራበት ፋብሪካ አዲስ ተዋጊ አውሮፕላን ለሙከራ ተሠርቶ ነበር። አንድ ብቻ። እንደ ሌሎቹ አልነበረም፤ ትንሹ ክንፉ ከአፍንጫው አጠገብ፣ ሞተሩና እየተሽከረከረ የሚገፋው ውልብልቢቱ ከኋላው ነበሩ። ያሰቡትም መምህር ኩሮይዋ የተባሉ ሊቅ ናቸው።

በዚያ ቤት ሥርዓት ነበረ። ንድፍ ሲያልቅ መምህሩ ቀዩን ማኅተማቸውን ያሳርፉበታል፤ ከእርሳቸው በታች ያሉትም በየተራቸው የየራሳቸውን ያትማሉ። መምህሩ ካተሙ በኋላ “ስሕተት አለበት” ማለት፣ ሽማግሌን በአደባባይ በጥፊ እንደ መምታት ይቆጠር ነበር።

ነዳፊው አንድ ቀን ንድፉን ሲለካ ደነገጠ። አውሮፕላኑ ሊነሣ አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ፣ የኋላው ውልብልቢት ምድርን ይነካል። የጎደለው ከፍታ አራት ጣት ነበረ። አራት ጣት! መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ኋላው ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚደግፉ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች።

ተናገረ ወይ? አልተናገረም። የመምህሩ ማኅተም ቀድሞ ነበርና የራሱን ከጎኑ አሳረፈ። “ብቻቸውን ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ” አለ በልቡ። ማክሰኞ ብቻቸውን አገኛቸው፤ ስለ ዝናቡ ተጨዋወቱ። ሐሙስም አገኛቸው፤ እጅ ነሥቶ ወጣ።

አውሮፕላኑን የሚሞክረው አብራሪ ሺጌዎ ይባላል፤ የነዳፊው እኅት ባል ነው። በሙከራው ዕለት ጠዋት ሜዳው ዳር ተገናኙ። ሺጌዎ አውሮፕላኑን ዞሮ አየውና ሳቀ።

“ወንድም ጋሼ፣ ይህን ስትነድፉ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ነው እንዴ የያዛችሁት? ጅራቱ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ!”

“እንደዚያ ነው የታሰበው።”

“ይሁን። እኅትህ ግን ‘ሰሞኑን ፊቱ ጠቁሯል፤ የጠረጠረው ነገር እንዳለ ጠይቀው’ ብላኛለች። በል ንገረኝ፤ ልነሣበት ወይስ በእግሬ ወደ ቤቴ ልመለስ?”

ነዳፊው ቀና ብሎ አየ። መምህር ኩሮይዋ ከመኮንኖቹ ጋር፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዐሥር እርምጃ ያህል ርቀው ቆመዋል። ቢናገር ይሰማሉ።

“መምህር አትመውበታል” አለ።

“እንግዲያማ ምን ቀረ!” ሺጌዎ ትከሻውን መታ አድርጎት ሄደ።

አውሮፕላኑ ሮጠ፤ አፍንጫው ቀና አለ፤ ውልብልቢቱ ምድርን መታ። ተገለበጠ። ባልዲ ይዘው የሮጡት ሰዎች ከሩቅ ቆሙ፤ እሳቱ አላስቀረባቸውም።

ሌላ አልተሠራም። ከሳምንታት በኋላ ጦርነቱ በሽንፈት አበቃ፤ ንድፎቹም በግቢው ውስጥ እንዲቃጠሉ ትእዛዝ መጣ። ነዳፊው ወረቀቱን ወደ እሳቱ ሲጥል መምህሩ መጥተው ከጎኑ ቆሙ። ያን ጊዜ ተንበረከከ።

“መምህር፣ አውቄ ነበር። አራት ጣት ይጎድል ነበር።”

ሽማግሌው አንድ ወረቀት አንሥተው ወደ እሳቱ ጣሉ።

“እኔም አውቄ ነበር” አሉ። “ባተምሁ በሦስተኛው ቀን አየሁት። ማኅተሜን በገዛ እጄ መሻር አፈርሁ። ከእናንተ አንዱ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። አንተም እጅ ነሥተህ በወጣህ ቁጥር ‘እንኪያስ ንድፉ ልክ ነው፤ የተሳሳትሁት አሁን ስጠራጠር ነው’ እያልሁ ራሴን አጽናናሁ።”

ምእመናን፣ ልብ በሉ! በዚያ ሜዳ ስሕተቱን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር። ያላወቀው ሺጌዎ ነበረ፤ የሞተውም እርሱ ነው።

ነዳፊው ዝምታውን አክብሮት አለው፤ መምህሩ ክብር አሉት። መበለቲቱስ ምን ትበለው?

እናንተስ? የጋብቻው ቃል በሽማግሌ ታስሯል ብላችሁ፣ የሙሽራውን ጨካኝነት እያወቃችሁ ድንኳን ስትተክሉ አልዋላችሁምን? የአባታችሁ ስካር ቤቱን ሲያፈርስ፣ “አባት አይነቀፍም” ብላችሁ ዓይናችሁን ወደ ምድር አልጣላችሁምን? ይህ ጨዋነት ነውን? ይህስ ፍቅር ነውን?

እናንተም ጺማችሁ የሸበተ አባቶች! የተናገራችሁትን ማጠፍ ሞት መስሏችሁ፣ ልጅ ደፍሮ እስኪያርማችሁ ትጠብቃላችሁን? የልጁን አፍ የዘጋው ማን ሆነና?

እግዚአብሔር በፍርድ ቀን “ታላቁ ማን ነበረ?” ብሎ አይጠይቀንም። “ማን ያውቅ ነበር?” ይለናል። ያን ጊዜ ወዴት እንሸሻለን?

ሺጌዎ ከመነሣቱ በፊት ጠይቆ ነበር። ዛሬም በየቤታችሁ የሚጠይቃችሁ አለ፤ ፊታችሁን እያየ፣ አምኗችሁ። በመቃብሩ ላይ ከምትናዘዙ፣ ሕያው ሳለ በጆሮው ንገሩት።