ሰባት ቁጥር ማን ናት?

አንዲት ሐኪም ነበረች። ደክሟታል። ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ይህን ያዙልኝ፤ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የደከማት ሴት ነበረች። ብዙ ጊዜ ክፋት ብለን የምንፈርድበት ነገር ሲገለጥ ድካም ሆኖ ይገኛል።

ይህች ሐኪም በሠላሳ አንድ ዓመቷ የአንድ ትልቅ ጥናት ኃላፊ ሆነች። በእርግዝና ጊዜ ደም ግፊታቸው ከፍ ያለ እናቶች ከወለዱ በኋላ እንዴት እንደሚሆኑ የሚከታተል ጥናት ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ቤት ለቤት እየዞሩ ግፊት የሚለኩ አሥራ አራት መረጃ ሰብሳቢዎች ተሰጧት። ሕክምና ተምራለች። ሰው መምራት ግን ማን አስተማራት? ማንም። በሽተኛ ማከም ከቻለች ሠራተኛ ማስተዳደር አያቅታትም ተባለ።

ታዲያ እንዴት መራቻቸው? በሰንጠረዥ! ሰብሳቢዎቹ ታብሌታቸው ላይ የሚታወቁት በቁጥር ነው፤ ከአንድ እስከ አሥራ አራት። ዓርብ ዓርብ ማን ስንት እናት እንደለካ በደረጃ ታወጣና ለሁሉም ትልካለች። ብዙ የለካ አረንጓዴ፣ ጥቂት የለካ ቀይ። ሦስት ቁጥር ከመጀመሪያው ወር ወዲህ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ በቀን አሥር እናት። ሰባት ቁጥር ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ በቀን አራት፣ አንዳንዴም ሦስት።

ሰባት ቁጥርን አይታው አታውቅም። ወንድ ይሁን ሴት አታውቅም። የቀጠራቸው ሱፐርቫይዘሩ ነው። እሷ የምታውቀው ቀዩን ቀለም ብቻ ነው። የጥናቱ ጊዜ እያለቀ ነው። ከላይ ያሉት ሪፖርት የታለ ይሏታል። እንቅልፏም እንጀራዋም ጥናቱ ሆኗል። በመጨረሻ ለሰባት ቁጥር የስንብት ደብዳቤ ጻፈች። በሚቀጥለው ሰኞ ልትፈርመው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ አዳማ ላይ ለወጣት የሕክምና ተመራማሪዎች ወደተዘጋጀ የአምስት ቀን የአመራር ስልጠና ሄደች።

ስልጠና መቼም ታውቃላችሁ። አዳራሽ፣ ባነር፣ የታሸገ ውኃ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የስም ካርድ። ሁለት ቀን ሙሉ እያዛጋች ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ሲስተር አጸደ የሚባሉ አሰልጣኝ መጡ። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ክፍል በኃላፊነት የመሩ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ለሁሉም ባዶ ወረቀት አደሉ።

«በእጃችሁ ሥር ያሉትን ሰዎች ስም ጻፉ» አሉ። «ከስማቸው ጎን አሁን የሚከብዳቸውን አንድ ነገር ጻፉ። ይኸው ነው።»

ሐኪሟ ብዕሯን አነሣች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ እስከ አሥራ አራት ጻፈችና ቆመች። ሲስተር አጸደ ከኋላዋ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው? የአልጋ ቁጥር ነው?»

«ኮዳቸው ነው፣ ሲስተር። የምሠራው በኮድ ነው።»

«እኛም በሽተኛውን በአልጋ ቁጥር ነበር የምንጠራው። አሥራ ሁለት ቁጥር መርፌ ይወጋ፣ እንል ነበር። አንድ ቀን በሽተኛው አልጋ ቀይሮ ተኝቶ መርፌው ለሌላ ሰው ተወጋ።» ሌላ አልጨመሩም። ወደሚቀጥለው ወንበር አለፉ።

ተናደደች። ማኔጅመንት ልማር መጣሁ እንጂ ስም ልጠራ መጣሁ እንዴ አለች በልቧ። በምሳ ሰዓት ግን ስልኳን አነሣች።

«ሰባት ቁጥር ማን ነው?» አለችው ሱፐርቫይዘሩን።

«ይመናሹ ናት፣ ዶክተር። ያቺ ቀርፋፋዋ።»

«ለምንድን ነው የምትዘገየው?»

«እኔ ምን አውቄ? ፍጠኚ ብዬ ስንቴ ነገርኳት።»

ሥልጠናው ዓርብ አለቀ። ቅዳሜ ሐኪሟ ቤቷ ገብታ መተኛት ነበረባት። አልተኛችም። ወደ ገጠር ወጣችና ይመናሹን ፈልጋ አገኘቻት። ዕድሜዋ ወደ አርባ የተጠጋ፣ የላስቲክ ጫማ ያጠለቀች፣ የግፊት መለኪያውን በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘለች ሴት ናት። አብረው መንገድ ጀመሩ።

የመጀመሪያዋ እናት ገና ውኃ ቀድታ መመለሷ ነበር። ይመናሹ «አረፍ በይ እቴ» ብላ አስቀመጠቻትና አጠገቧ ቁጭ አለች። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ሐኪሟ ሰዓቷን አየች።

«ለምን አትለኪያትም?»

ይመናሹ ደነገጠች። «አምስት ደቂቃ ሳታርፍ አትለካ፣ ሁለት ጊዜም ትለካ ብለው መመሪያው ላይ የጻፉት እርስዎ ነዎት እኮ፣ ዶክተር።»

እሷው ናት የጻፈችው! ጽፋ፣ አሳትማ፣ ረስታዋለች። ከዚያች ቤት እስከሚቀጥለው ቤት ዳገቱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አሁንም አምስት ደቂቃ፣ አሁንም ሁለት ጊዜ። ቀትር ሲሆን ሁለት እናት ለክተዋል። ሐኪሟ በልቧ ማስላት ጀመረች። እንዲህ ከሆነ በቀን አራት ነው፤ ቢበዛ አምስት። ታዲያ አሥር የሚለካው ማን ነው?

ወገኖቼ፣ እውነቱ ሲገለጥላት ምን ተሰማት ትላላችሁ? ደስ አላት? የለም። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ትዝ አላት።

ገና ነው፤ ታገሡኝ። አንድ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ይመናሹ ቆመች። «ይሄ ቤት የኔ አይደለም፤ የሦስት ቁጥር ነው። ግን ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁና፣ ቢፈቅዱልኝ አንዴ ልግባ።»

«ማን ሞተ?»

«እናትየዋ ናት። ሦስት ሳምንት ሆናት።»

ሐኪሟ እዚያው ደጃፍ ላይ የሁሉም መረጃ የሚታይበትን የራሷን ታብሌት ከፈተች። የሴትዮዋ መጠይቅ ባለፈው ማክሰኞ ተሞልቷል። ግፊት፣ መቶ ሃያ በሰማንያ። ሁኔታ፣ ደህና ናት። ከዚያ በፊት የተሞሉትንም ሁለቱን አየች። መቶ ሃያ በሰማንያ። መቶ ሃያ በሰማንያ።

ገቡና ተቀመጡ። ባልየው ጨቅላውን ታቅፎ ነው። «ራሴን፣ ራሴን ትል ነበር» አላቸው። «ዓይኔን ጋረደኝ ትል ነበር። ግፊት የሚለካ ሰው ይመጣል ብላችሁን ስንጠብቅ ሰነበትን።»

«ማንም አልመጣም?» አለች ሐኪሟ።

«ማንም።»

የወለደች ሴት ራሴን ካለችና ዓይኗ ከጋረዳት ግፊቷ ለሞት የሚያሰጋ ደረጃ መድረሱን ሐኪም ሆኖ የማያውቅ የለም። ጥናቱ የተጀመረው እኮ ለዚህ ነበር። «ነፍስ ይማር» አለች።

ከቤቱ ሲወጡ ያልፈረመችውን የስንብት ደብዳቤ ከቦርሳዋ አውጥታ «ሰኞ ልፈርመው ነበር» ብላ ለይመናሹ ሰጠቻት። ይመናሹ አነበበችውና መልሳ አጣጠፈችው።

«ያው፣ እጠብቀው ነበር» አለች።

«ከጠበቅሽው ለምን እንደሌሎቹ አልፈጠንሽም?»

«ሴቶቹን ሁሉ በስማቸው አውቃቸዋለሁ፣ ዶክተር። ስማቸውን እያወቅሁ እንዴት አድርጌ ከልቤ ፈጥሬ ልጻፍባቸው?»

ሰኞ ሦስት ቁጥርን አስጠራችው። መጀመሪያ የጠየቀችው ስሙን ነው። አሰግድ ይባላል፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ለምን አደረግኸው አለችው። አላስተባበለም። በመጀመሪያው ወር በእግሩ እየዞረ እንደ ይመናሹ ይለካ ነበር። አንድ ዓርብ ስሙ፣ ይቅርታ፣ ቁጥሩ ቀይ ሆኖ ወጣ።

«ቀዩን ፈርቼ ነው» አላት።

አሰግድ ከሥራው ወጣ፤ መውጣትም ነበረበት። ሰው ሞቷል። ግን ቀዩን የቀባው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ለሱ ልታሸክመው አልቻለችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ከሌሎቹም ብዙዎቹ እንደሱ ሳይለኩ ሞልተው ስለተገኙ፣ ከተሰበሰበው መረጃ ከግማሽ በላይ የሚጣል መሆኑን፣ ጥፋቱም የሷ መሆኑን ለአለቆቿ በራሷ እጅ ጻፈች። አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰች። የዕድሜ እኩዮቿ ቀድመዋት አለፉ። ሰንጠረዡን መላክ ተወች፤ ዓርብ ዓርብ ለእያንዳንዳቸው ትደውላለች። አሁንም ይደክማታል። ያቺ እናት ግን አልተነሣችም። ታሪኬን አሳምሬ እንድጨርስላችሁ ብትጠብቁም፣ አልተነሣችም።

እናንተስ? እኔ መሪ አይደለሁም፣ ሥልጠናም አልሄድኩም የምትሉ አላችሁ። ልጃችሁ ካርድ ይዞ ሲመጣ ከአፋችሁ መጀመሪያ የሚወጣው ምንድን ነው? «ስንተኛ ወጣህ?» አይደለም? ምን ከበደህ ብላችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ቀዩን ፈርቶ የሚዋሽ ልጅ ስታገኙ ውሸቱን ብቻ አትቅጡ፤ ቀለሙን የያዘውንም እጅ እዩ። ቤታችሁ የምትሠራዋ ልጅ የአባቷ ስም ማነው? በጎቹን በየስማቸው የሚጠራ እረኛ አለን እያልን እንዘምራለን፤ በእጃችን ያሉትን ግን በሥራቸው ብዛት እንጠራቸዋለን። አሥር የሠራ፣ አራት የሠራ።

በዚህ ግቢ በር ላይ ያለው ዘበኛ እዚህ ከተቀጠረ ስድስት ዓመቱ ነው። በር ለመክፈት ይዘገያል እያላችሁ ክላክስ የምታደርጉበት ሰውዬ። ስሙ ማነው?

አትፈሩ፤ እኔም እስከ ማክሰኞ ድረስ አላውቀውም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ «ዘበኛ!» እያልኩ ስጠራው ኖርኩ። ማክሰኞ ዕለት ጠየቅሁት። ስሙን ነገረኝ። ለምን እንደሚዘገይም ነገረኝ። ቤቴ ገብቼ ምሳው አልበላልኝ አለ።

እኔ አልነግራችሁም። በሩ ላይ ነው ያለው፤ ስትወጡ ጠይቁት።