የአጋፋሪ ወንድይራድ ወገብ

ይህን ያወራልኝ አባቴ ነው፤ ለእሱም ያወራለት አባቱ ነው። የተጨመረበት ካለ ከእነሱ ጋር ተነጋገሩ፤ ሁለቱም ግን አርፈዋል።

አጋፋሪ ወንድይራድ በደጃዝማች አምበርብር ቤት ግብር በተበላ ቁጥር ከጧት እስከ ማታ ቆሞ እንግዳ ሲያስገባ፣ ለመጣው ሁሉ እጅ ሲነሳ ይውላል። ከበቅሎ ወድቆ ወገቡን ከታመመ ወዲህ ግን ሥራው ፍዳ ሆነበት። ደህና የቀረው አፉ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ለደጃዝማች ባለቤት ለወይዘሮ የተመኙ እጅ ሊነሳ ጎንበስ እንዳለ መቃናት አቃተው። እመቤቲቱ ደስ አላቸው። «ይበቃል አጋፋሪ፣ አክብሮትህ ደርሶኛል፤ ቀና በል» አሉት።

«አክብሮቱስ ቅድም አልቋል እመቤቴ፤ አሁን የቀረው የወገቤ ነው።»

እሳቸው ተቀየሙ። ደጃዝማችም «ይሄ ሥራ ጠልቶ ነው እንጂ አላመመውም። ሐኪም ይየውና ሕመም ካልተገኘበት ይሻራል» አሉ። የልጆቹ እንጀራ ደግሞ ያችው አጋፋሪነት ናት።

ሐኪሙ ልሳነወርቅ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ምሳ ሲበላ እንኳ ማዳመጫውን ከአንገቱ የማያወርድ ሰው ነው። አጋፋሪ ወገቤን ቢለው ደረቱን አዳመጠ፣ ምላሱን አየ፣ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። ሲጨርስ «ምንም አላገኘሁብህም» አለው።

«እኔማ አግኝቼዋለሁ፤ የመጣሁት እንዲወስዱልኝ ነው።»

ሐኪሙ ፊቱን አጨማደደ። «የታመመ ሰው እንዲህ ይቀልዳል?»

«እያለቀስኩ ብመጣ ዓይኔን ሊያክሙኝ ነዋ።»

ሐኪሙ ቢጨንቀው አንዲት ነጭ ኪኒን ሰጠው። ሳል ለያዘውም፣ ቁርጠት ለያዘውም የሚሰጠው እሷኑ ነው። በሳምንቱ «ተሻለህ?» ሲል ጠየቀው።

«ገና ነው። ሳሉንና ቁርጠቱን ጨርሳ እስክትመጣ እየጠበቅኳት ነው።»

«እንግዲህ ቻለው። ሕመም ሲቆይ ይለመዳል።»

«እርስዎስ ሕመሜን በደንብ ለምደውታል፤ የተቸገርኩት እኔ ነኝ።»

የቁርጡ ቀን ደረሰ። ደጃዝማች ያን ሰሞን ራሳቸውን አሟቸው፣ በሻሽ ጠፍንገው ተቀምጠዋል። ግቢው ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ የለም፤ ሐኪሙ ከልክሏል። አጋፋሪ ከፊታቸው ቆመ።

«መርምሬዋለሁ፤ ሕመም የሚባል የለበትም» አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሰማህ?» አሉ ደጃዝማች። «ሐኪም ያላየውን ሕመም እኔ እንዴት ልመን? በል የአጋፋሪነት ዘንግህን አስረክብ።»

አጋፋሪ ዘንጉን እንደያዘ ወደ ሐኪሙ ዞረ። «የጌታዬን ራስ ምታትስ በምን አዩት?»

ሐኪሙ ተቆጣ። «ምን ማየት ያስፈልጋል? ደጃዝማች ራሳቸው አመመኝ ብለዋል!»

አጋፋሪ እንደ ምንም ብሎ ለደጃዝማች ጎንበስ አለ።

«እንግዲያው ጌታዬ፣ ሳይሽሩኝ በፊት ለአንድ ቀን ደጃዝማች ያድርጉኝና ሐኪሙ ደግመው ይዩኝ።»