የዋርካ በር ቦኖ እንዴት እንደተከፈተ

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ ተራሽ ሲደርስ ትጠሪያለሽ» ብሏት ነበር ዳይሬክተሩ፣ ትርንጎ ስምንተኛ ክፍል ልትመዘገብ የሄደች ጊዜ። ዝም ብላ ተቀመጠች። መዝገቡ ተዘጋ፤ የጠራት የለም። ከዚያ ወዲህ አገባች፣ ብሌንን ወለደች። ዋርካ በር የምትባለው ትንሽ ከተማ ግን ያው ናት። መንገደኛው ከአውቶቡስ አንገቱን አውጥቶ እንዴት ጸጥ ያለች ከተማ ናት ብሎ ያልፋል። እሱ ምን ያውቃል! ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ሰውን ሲጠብቅ እኮ ነው ጸጥ ያለችው።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ትርንጎ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ፈለገች። ይኸው ነው የፈለገችው። የሁለት ዓመቷ ብሌን ሆዷ ከተበላሸ ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ዓይኗ ጎድጉዷል። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጥታት፣ በቦኖ ውሃ በጥብጠሽ አጠጫት፣ የወንዙማ ቢፈላም ጭቃ ነው ብላታለች። ትርንጎ ልጇን አዝላ፣ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ቦኖ ወረደች።

ቦኖው ተቆልፏል። ጠባቂው ጋሽ ደምሰው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ቧንቧው ያፈሳል፤ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ጋሽ ፈንታሁን ካልጠገኑት አልከፍትም አሏት። ፈንታሁን ካልጠገኑ ደምሰው አይከፍቱም፤ ደምሰው ካልከፈቱ ብሌን አትጠጣም።

ቧንቧ ሠራተኛው ጋሽ ፈንታሁን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። መፍቻዬን አናጢው ይመኑ ተውሶ ወስዶታል፣ መልስ ብዬ ደጁ አልቆምም፣ ነውር ነው አሉ። መፍቻው ካልመጣ ፈንታሁን አይጠግኑም፤ ፈንታሁን ካልጠገኑ ደምሰው አይከፍቱም፤ ደምሰው ካልከፈቱ ብሌን አትጠጣም።

አቶ ይመኑ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ታላቅ እህታቸው ከተቀበሩ አሥራ ሁለት ቀን ሆኗል፤ ፈንታሁን ለቅሶ አልደረሱም።

«ለእህቴ ያልረገጠውን ደጅ ለመፍቻ ሊረግጠው ነው?» አሉ።

ትርንጎ ወደ ጋሽ ፈንታሁን ተመለሰች። እሳቸውም የእድሩ ጡሩምባ ደጄ አልተነፋም፣ ሳይነገረኝ ዛሬ ብሄድ ለመፍቻው ብሎ መጣ ይሉኛል አሉ። ጡሩምባው ካልተነፋ ፈንታሁን ለቅሶ አይደርሱም፤ ለቅሶ ካልደረሱ ይመኑ መፍቻ አይሰጡም፤ መፍቻው ካልመጣ ቧንቧው አይጠገንም፤ ቧንቧው ካልተጠገነ ደምሰው አይከፍቱም፤ ደምሰው ካልከፈቱ ብሌን አትጠጣም።

ጡሩምባ ነፊው አባ በየነ የተቀደደ ሱሪያቸውን አሳዩዋት። ያቺ የፈንታሁን ጎረቤት የውድነሽ ውሻ ካልታሰረች እዚያ ሰፈር አልገባም አሉ። ውሻዋ ካልታሰረች ጡሩምባው አይነፋም፤ ጡሩምባው ካልተነፋ ፈንታሁን ለቅሶ አይደርሱም፤ ለቅሶ ካልደረሱ ይመኑ መፍቻ አይሰጡም፤ መፍቻው ካልመጣ ቧንቧው አይጠገንም፤ ቧንቧው ካልተጠገነ ደምሰው አይከፍቱም። ብሌንም እናቷ ጀርባ ላይ ማልቀሱን ተወችው፤ ይኼ ነው ትርንጎን ያስፈራት።

እትዬ ውድነሽ ከነውሻቸው ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። አጥሬ ፈርሶ፣ ጎመኔ ተረጋግጦ ውሻዬን አላስርም፤ ያፈረሰው መጥቶ ይጠር አሉ።

«ማነው ያፈረሰው፣ እትዬ?»

«ቦኖው ነዋ! ከተቆለፈ ወዲህ ከተማው ሁሉ ወንዝ የሚወርደው በኔ ጓሮ አይደል?»

ትርንጎ ቀጥ ብላ ቆመች። ቦኖው ስለተቆለፈ አጥሩ ፈረሰ፤ አጥሩ ስለፈረሰ ውሻዋ ተለቀቀች፤ ውሻዋ ስለተለቀቀች ጡሩምባው አልተነፋም፤ ጡሩምባው ስላልተነፋ ፈንታሁን ቀሩ፤ ፈንታሁን ስለቀሩ ይመኑ አኮረፉ፤ ይመኑ ስላኮረፉ መፍቻው ቀረ፤ መፍቻው ስለቀረ ቦኖው ተቆለፈ! ይህን ሁሉ ሰው ስትዞር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አሁን አደረገች።

«አንድ ከተማ ሙሉ ሰው እየተኳረፈ የኔ ልጅ ትድረቅ? ያዙልኝ!»

ሕፃኗን እትዬ ውድነሽ ክንድ ላይ አኖረቻት። መጥረቢያቸውን ከግድግዳው ሥር አነሳች፤ የግራር ቅርንጫፍ ቆርጣ ጎተተች፤ እሾሁ እጇን እየቧጨራት የፈረሰውን ደፈነችው። እትዬ ውድነሽ አንዴ የሕፃኗን ዓይን፣ አንዴ የእናቷን እጅ አዩ፤ ገመድ ፍለጋ ተነሡ።

አጥሩ ታጠረ፤ ውሻዋ ታሰረች፤ ትርንጎም ልጇን ተቀብላ አዘለች። ውሻዋ ስትታሰር አባ በየነ በቀትር ፀሐይ፣ ከቀብሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጡሩምባቸውን ነፉ። ጡሩምባው ሲነፋ ፈንታሁን ጋቢያቸውን ደርበው እያለቀሱ ይመኑ ቤት ገቡ። ፈንታሁን ሲገቡ ይመኑ ተነሥተው አቀፏቸው፤ ተላቀሱ፤ መፍቻው ወጣ። መፍቻው ሲወጣ ቧንቧው ተጠገነ፤ ቧንቧው ሲጠገን ቁልፉ ተከፈተ። ሦስት ሳምንት የቆየው ሥራ ከጥገናው ጋር አንድ ሰዓት አልሞላም።

«አየሽ፣ ሳንጨቃጨቅ ሁሉም ሆነ» አሏት ጋሽ ደምሰው።

«ልጄን ብንቀብራትም ሳንጨቃጨቅ ነበር፣ ጋሽ ደምሰው» አለቻቸው፤ ጀሪካኗን ሞልታም ሄደች።

ብሌን ጠጣች። በማንኪያ፣ ቀስ እያለች፤ መጀመሪያ ተፋችው፣ ኋላ ዋጠችው፣ ኋላ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው። አሥር ሰዓት ላይ ሽንቷን ሸናች፤ እናቷ ያን ጊዜ ገና ተነፈሰች።

ሕፃኗን እንቅልፍ ሲወስዳት ትርንጎ መልሳ አዘለቻት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጠሪ ሳትጠብቅ አቶ ይመኑ ቤት ሄደች፤ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ከለቀስተኞቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።