በበሩ አጠገብ ያለው ማድጋ

በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሴቶች ምግብ በሠሩ ቁጥር አንድ እፍኝ ዱቄት ለእግዚአብሔር ብለው ያስቀምጣሉ። እሑድ ሲመጡም በሩ አጠገብ ካለው ማድጋ ይጨምሩታል። ጠያቂ የሌላቸው እነ ዓይነ ስውሩ ጋሽ ኤርሱሞ የሚኖሩት በዚያ ዱቄት ነው።

አንድ ጊዜ ሽማግሌዎቹ መባው አነሰ ብለው፣ ለምእመናን መስጠትን የሚያስተምር አማካሪ ከአዲስ አበባ አስመጡ። ሰውየው ከረባቱን አስሮ ሦስት ቀን አስተማረ። ሴቶቹም ምሳውን እያቀረቡ በትዕግሥት ሰሙት። በመጨረሻው ቀን ምሳውን በልቶ አፉን እየጠረገ መጣና ማድጋውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

«ይሄ ከዛሬ ጀምሮ ይውጣ» አለ። «እናንተን ያደኸያችሁ ይሄ የእፍኝ አስተሳሰብ ነው። ሰጪ ማለት በሺህ ብር ቃል የሚገባ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ እፍኝ ዱቄት ማንን አጥግቦ ያውቃል?»

ሁለት ሽማግሌዎች ማድጋውን ሊያወጡ ጎንበስ ሲሉ፣ ገበያ ላይ ድንች የምትቸረችር አንዲት ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ አያጠግብም» አለች። «የመባውን ሣጥን የእርስዎ አበል ስለጨረሰው፣ ሦስቱንም ቀን ምሳዎን የጋገርነው ከዚሁ ማድጋ ነው። የጋሽ ኤርሱሞን ድርሻ እንኳ ሳይቀር ጨምረን አቀረብንልዎ። ይኸው እርስዎ እስካሁን አልጠገቡም።»

ሽማግሌዎቹ ማድጋውን ትተው ቀና አሉ።